ዞረብኝ

ጥር 13፣ ረቡዕ

ትምህርት ነበር። ሒሳብ ሁለት ክፍለ ጊዜ። መምህር ዓለምነህ ስም ሲጠሩ እኔ ጋ ደርሰው ቀና አሉ፣ አዩኝ፣ ቀጠሉ። ዱሮ "ዘከሪያ ኢዘዲን፣ በአካል ነው በመንፈስ?" ይሉኝ ነበር። አሁን ሁሉም ሰው ከእኔ ጋር ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው... ሕፃን እንዳይነቃበት የፈራ ይመስል።

ከሰዓት ሱቅ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰው ብቻ መጣ። ሁለት ሳሙና፣ አንድ ክብሪት። አባዬ ከመስጊድ ሲመለስ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ያቺ አሮጌ ኮፍያው እንኳን ጆሮ መሐል አናቱንም መሸፈን ትታለች። ብርድ ነው። የጉና ጫፍ አልታየም፣ ጉም ውጦታል።

እማዬ የእህቴን የዊዳድን መደርደሪያ አራገፈች። ልብሱን ለሰደቃ ለየችው። መጽሐፎቹን ለእኔ። ሁሉም ነገር ቦታ አገኘ። አንድ ነገር ብቻ እጇ ላይ ቀረ። ዘውዱ፣ ከነክሩ።

"ይሄን ምን ላድርገው?"

እጄን ዘረጋሁ።

"ለዮዲት ስጣት። እሷ ታውቅበታለች።"

ዮዲት የዊዳድ ጓደኛ ናት። ወገዳ አክስቷ ጋ ከሄደች ሦስት ወር ሊሆናት ነው። ስትመጣ እሰጣታለሁ አልኩ። ውሸት አይደለም... እውነትም አይደለም። አልጋዬ ሥር አስገባሁት።

ዊዳድን ከቀበርናት ዛሬ ሠላሳ አምስት ቀን።

ጥር 15፣ ዓርብ

ዘውድ ብላ ስም ያወጣችለት ዊዳድ ናት። ሳህን የሚያህል ክብ እንጨት ነው። መሃሉ ክፍት፣ ዙሪያውን ሚስማር ቆሞበታል። ከስልክ ላይ ነው ያየችው። ክሩ በየሚስማሩ ይጠመጠማል። ዙሩ ሲያልቅ በላዩ ሌላ ዙር። ከዚያ የታችኛው ክር በሽቦ እየተነሣ በሚስማሩ ራስ ላይ ተሻግሮ ወደ መሃል ይወድቃል። ያ አንድ ዙር ሹራብ ነው። ኮፍያው በክፍቱ መሃል ቁልቁል ያድጋል። ሽቦው ከብስክሌቴ ጎማ የነቀለችው ነው። ጮኼባት ነበር። ምነው ሁለቱንም ጎማ በነቀለች።

ጋሽ አበጀ አናጢው ጋ ልናሠራ የሄድነው አብረን ነው። የአባዬን ሙስበሃ፣ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ ደብቃ ይዛለች። ሠላሳ ሦስቱን ዶቃ።

"ጋሽ አበጀ፣ ሚስማሩ በዚህ ልክ ይሁንልኝ። ለአንድ ዶቃ አንድ ሚስማር።"

"ዝም ብለሽ ሠላሳ ሦስት አትያቸውም?" አልኳት በጎን።

"ቁጥር ይረሳሉ። ዕቃ አይረሱም።"

እያንዳንዱ ዙር አንድ ተስቢህ እንዲሆንላት ነው። በየሚስማሩ አንድ "ሱብሐነላህ"።

ጋሽ አበጀ ሙስበሃውን በጣታቸው አንጠልጥለው አዩት። "ምን ልትሠሪበት ነው?"

"ኮፍያ። ለአባዬ። ለዒድ።"

"ቆብ? ኢዘዲን ሊመነኩስ ነው?"

"አዎ፣ ገዳም እየፈለገ ነው። ካወቁ ይጠቁሙት።"

እሳቸው ሲስቁ ትከሻቸው ላይ ያለው ፍቅፋቂ ሁሉ ይረግፋል። አባዬ ሁለት ቀን ሙስበሃውን ሲፈልግ ከረመ። ስለ ኮፍያው እስካሁን አያውቅም።

ሠላሳ ሰባት።

ጥር 18፣ ሰኞ

አርባ። ሰው መጣ፣ ቁርአን ተቀራ፣ ተበላ፣ ሰው ሄደ።

አንድ ቃል አለች የማትለቀኝ። ደብረ ታቦር ሐኪሙ ያላት። "ይሄ ነገር ቆየት ያለ ነው" አለ። ጭንቅላቷ ውስጥ ያለውን። "ምልክት አላያችሁም?"

"አላየንም" አለ አባዬ። ከዚያ ወደ እኔ አየ... ወይስ መሰለኝ? አንድ ክፍል የምናድረው እኔና እሷ ነን። ማየት የነበረበት ሰው ካለ ማን ነው?

ቆየት ያለ። ከመቼ?

ጥር 21፣ ሐሙስ

ዘውዱን አወጣሁት። ደብተሯንም።

ደብተሯ ላይ ኮፍያው ተሥሏል። ከታች ሦስት ጣት የሚያህል ነጭ። ከዚያ በላይ አረንጓዴ መስመሮች፣ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ በማስመሪያ የተሰመሩ። ሥሩ "ሁለት ነጭ፣ አንድ አረንጓዴ። 33 = 11 መስመር" ይላል። አረንጓዴው ኅዳር 14 ተጀመረ። በየዙሩ አንድ ጭረት አድርጋለች። ሃያ ሁለት ጭረት።

አሁን ኮፍያውን ሳየው... መስመሮቹ አልቆሙም። ያዘነብላሉ። በየዙሩ አረንጓዴው ከነበረበት አንድ ሚስማር ወደ ጎን ይሸሻል። ሃያ ሁለቱም ላይ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።

ሒሳብ ላይ ከክፍሉ አንደኛ የነበረች ልጅ ሦስት መቁጠር አቃታት?

ኅዳር 14ን አስታወስኳት። እሑድ ነበር። እሷ መስኮቱ ሥር፣ እኔ አልጋ ላይ። ዘውዱን ጭኗ ላይ እያዞረች ትሠራለች። ድንገት ቆመች።

"ዘኩ፣ ዞረብኝ።"

"ብዙ አትቁጠሪ፣ ታብጃለሽ" አልኳት። ቀናም አላልኩ። ስልኬ ላይ ነበርኩ። ሌላም ነገር ያለች መሰለኝ... አልሰማሁትም።

ዞረብኝ። በቃ በአማርኛ ነግራኛለች። ምልክት አላያችሁም ይላል ሐኪሙ። አላየሁም። ሰምቻለሁ።

አርባ ሦስት።

ጥር 27፣ ረቡዕ

ሕልም ነው። ዐውድማ ላይ ነን፤ በሬዎች ይዞራሉ። መሃል ጭዱ ላይ ተቀምጣለች። በሬዎቹ አንገታቸው ላይ አረንጓዴ ክር ታስሮ የሁሉም ጫፍ እሷ እጅ ነው። ሲዞሩ ይጠመጠማል፣ ሲዞሩ ይጠመጠማል። "ስንት ሆነ?" ትለኛለች። እኔ ልቆጥር ነው የመጣሁት። ግን በሬዎቹ አይቆሙልኝም። ኧረ ስንት ሆነ? ጭዱ ይነሣል፣ ወርቅ ይመስላል፣ እሷ አትታይም፣ ክሩ ብቻ ይጎተታል...

ስነቃ ጣቶቼ ብርድ ልብሱን ይቆጥሩ ነበር።

የካቲት 1፣ እሑድ

ዮዲት መጣች። እማዬን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። አስተምሪኝ አልኳት።

"ምን?"

"ሹራቡን።"

ታሾፍብኛለች ብዬ ነበር። አላሾፈችም። ከቦርሳዋ ክር አወጣች። "ጣትህን ዘርጋ።"

"ለምን?"

"ሚስማር የለንማ። አራት ጣት አራት ሚስማር ነው። አውራ ጣትህ ይረፍ፣ እሱ ጌታ ነው።"

ክሩን በጣቶቼ መሃል አሳለፈችው፣ መለሰችው። የታችኛውን አንሥታ በጣቴ ጫፍ አሻገረችው።

"አታጥብቀው። ሚስማሩን አንቀህ ትገድለዋለህ። ምን ዓይነት ጣት ነው ይሄ? የወፍጮ ቤት ቀበቶ ነው የሚመስል።"

"አንቺ ጸጉር መሥራት ነው የለመድሽ።"

"ጸጉርም ካጠበቁት ይጮኻል። ላላ።"

ከእጄ ጀርባ ትንሽ ገመድ ወጣች። እንደ እባብ ጭራ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው አፈርኩ።

"የሷስ የት ደረሰ?" አለችኝ።

"ግማሽ።"

"አሳየኝ።"

"አይ።"

"እሺ።" ክሩን ጠቀለለች።

"ዮዲ፣ ሰው እየሠራ ቁጥር ሲስት ምን ማለት ነው?"

"ሐሳቡ ሌላ ጋ ነው ማለት ነዋ። ወይ ደግሞ አሞታል።"

ምንም አላወቀችም ስትናገር። ደጁ ላይ ፀሐይ ነበር። እጄ ግን በረደኝ።

ሃምሳ ሦስት።

የካቲት 12፣ ሐሙስ

ረመዳን ሁለተኛ ቀን። ዘንድሮ ጾሙ ገጥሟል፤ ክርስቲያኑም ሁዳዴ ይዟል። ከተማው ሁሉ ደርቋል። ክፍል ውስጥ ውኃ የሚጠጣ የለም፣ የሚስቅም የለም። የመምህር ዓለምነህ ጠመኔ እንኳ የደከመው መሰለኝ።

አባዬ ከተራዊህ ሶላት ሲመጣ ያስለዋል። እማዬ "ያንን ኮፍያ ጣለው፣ በሌላ ተካው" ትለዋለች። "ለዒድ እናየዋለን" ይላል።

ለዒድ።

ወሰንኩ። እጨርስለታለሁ። ግን እንዲህ ሆኖ አይደለም። አባዬ ራሱ ላይ ሕመሟን አይሸከምም። ሰው ያዘነበለውን መስመር አይቶ "ምነው?" ቢለው ምን ሊል ነው? ከነጩ በላይ ያለውን ሃያ ሁለቱንም ዙር እፈታለሁ። ቀጥ አድርጌ፣ እንደ ሥዕሏ አድርጌ እሠራዋለሁ። እሷ ጤነኛ ብትሆን እንደምትሠራው።

ስድሳ አራት።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

አንድ ዙር ፈታሁ።

የመጨረሻዋን። እማዬ ገበያ ሄዳለች፣ አባዬ ሱቅ ነው። የክሩን ጫፍ ሳብ ሳደርገው አልታገለኝም። ትር... ትር... ትር... አለ፣ ዝናብ ሊጀምር ቆርቆሮ ላይ እንደሚለው። ክሩ ሲወጣ ቀጥ አይልም። የሚስማሩን ቅርጽ ይዞ ተጨማዷል። በየጭምዱ አንድ ሱብሐነላህ ነበረ። የት ሄደ?

ከመታመሟ በፊት የመጨረሻ የሠራቻት ዙር ናት። የመጨረሻው ቀን እጇ ያለው እዚህ ላይ ነው። አሁን በአየር ላይ ነው።

አቆምኩ። የወጡትን ቀለበቶች በየሚስማራቸው መመለስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። አንዷ ልታመልጥ ነበር፤ ትንፋሼን ይዤ በሽቦው ያዝኳት።

ሃያ አንድ ቀረ። ነገ።

የካቲት 15፣ እሑድ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሃያ አንዱን ከመፍታቴ በፊት እጄን ልሞክር አልኩ። በፈታሁት ክር አንዲት ዙር ቀጥ አድርጌ ልሥራ፣ ከቻልኩ እቀጥላለሁ። መነሻው ሚስማር ላይ እሷ ቀይ ክር አስራለች። ከዚያ ጀመርኩ። ሁለት ነጭ፣ አንድ አረንጓዴ። ጮክ ብዬ ነው የቆጠርኩት። ሁለት ነጭ፣ አንድ አረንጓዴ። ስልኬን አጥፍቼዋለሁ። በሩን ዘግቼዋለሁ። አረንጓዴው ሦስተኛው ሚስማር ላይ፣ ስድስተኛው ላይ፣ ዘጠነኛው ላይ። አንድም አልሳትኩም።

ቀዩ ክር ጋ ተመለስኩ። ሁለተኛውን ዙር ቀጠልኩ። ሁለት ነጭ...

አረንጓዴው ሁለተኛው ሚስማር ላይ ወደቀ።

አይሆንም። ፈታሁ፣ እንደገና። በሚስማሩ ቁጥር ሳይሆን በትንፋሼ። ሁለት ነጭ፣ አንድ አረንጓዴ። ቀዩ ክር ጋ ስደርስ አረንጓዴው አሁንም አንድ ሸሸ። ሦስተኛ ጊዜ። እንደዚያው።

ሳላስበው አፌ አወጣው።

"ዞረብኝ።"

ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ቃሉ ግን የእኔ አልነበረም። ራሴ ደህና ነው። ራሴ አልዞረም። የዞረው መስመሩ ነው። ዘውዱ ላይ ያለው።

የአባዬን ሙስበሃ ከመስገጃው ላይ አመጣሁ። ከቀዩ ክር ጀምሬ ለአንድ ሚስማር አንድ ዶቃ አስቀመጥኩ። ቀጥ ቀጥ እያሉ ተደረደሩ። ሠላሳ ሦስተኛው ዶቃ አለቀ። አንድ ሚስማር ባዶውን ቆሟል። የተረፈችው ረጅሟ ዶቃ ብቻ ናት፤ ክሩ የሚቋጠርባት፣ የማትቆጠረዋ። ወደ ሚስማሩ ቀረብ አደረግኋት። ልክ ሆነች።

ሠላሳ አራት ሚስማር ነው።

አልሳተችም። ሃያ ሁለት ዙር፣ አንድም ጊዜ አልሳተችም።

አፍጥረን እማዬ "ዓይንህ ምን ሆነ?" አለችኝ። ሽንኩርት አልኳት። ሽንኩርት የላጠችው እሷ ናት።

የካቲት 16፣ ሰኞ

34 ለ 3 ሲካፈል 11፣ ቀሪ 1። በሒሳብ ደብተሬ ገጽ ሙሉ ጻፍኩት። መምህር ዓለምነህ አልፈው አዩት፣ "ትክክል ነው" አሉ፣ ሄዱ።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ጋሽ አበጀ ጋ ሄድኩ። የበር ጉበን እየላጉ ነበር።

"ጋሽ አበጀ፣ ያን ጊዜ ሙስበሃውን እንዴት ነበር የቆጠሩት?"

"በጣቴ ነዋ። በምን ልቁጠረው?"

"ረጅሟን ዶቃስ?"

"የቷን?"

አውጥቼ አሳየኋቸው።

"እሷንም። አትቆጠርም እንዴ?"

"አትቆጠርም። መያዣ ናት።"

መላጊያውን አስቀመጡት። ከኪሳቸው የራሳቸውን መቁጠሪያ አወጡ። "እየው። የእኛ ጫፉ መስቀል ነው። መስቀል ይሳለሙታል እንጂ አይቆጥሩትም። ያባትህ ላይ መስቀሉን ፈለግሁ፣ የለም። ከሌለ ብዬ ያለውን ሁሉ ቆጠርኩ። እንዳልሳሳት ብዬ ደግሞ ሁለቴ።"

"ሠላሳ አራት።"

"ሠላሳ አራት።" መቁጠሪያቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። "ልጅቷ ተቸገረችብኝ?"

"አልተቸገረችም።"

"በዚህ ባለፈች ቁጥር እጠይቃት ነበር። 'እንዴት ነው ዘውዱ?' ስላት 'ይዞራል ጋሽ አበጀ' ትለኛለች፣ ትስቃለች። የሚዞር ነገር ስለሆነ ነው ብዬ..." ጉጠት አነሡ። "አምጣው። አንዷን ልንቀልልህ፣ ደቂቃ አይፈጅም።"

"አይንቀሉት።"

አዩኝ። ጉጠቱን መልሰው ሰቀሉት። "ጾም ባይሆን ሻይ እልህ ነበር" አሉ።

"እኔም ጾመኛ ነኝ።"

"እሱማ። አገሩ ሁሉ ተራበ።"

በጉድባው በኩል ሄድኩ። መንገዱ ረጅም ነው፣ እኔም አልቸኮልኩም። ትናንሽ አውሎ ነፋሶች ከታረሰው ማሳ ላይ እየተነሡ አፈሩን ይዘው ይዞራሉ፣ ይቆማሉ፣ ይረሳሉ። ቆየት ያለ ነው ያለው ሐኪሙ ቆየት ያለ ሊሆን ይችላል። እሱን አላውቅም። ማንም አያውቅም። ኮፍያው ላይ ግን የለም። ኮፍያው ላይ ያለችው ጤነኛዋ ናት፤ በትክክል የቆጠረችው፣ መስመሩ ሲዞር አይታ ያልፈታችው።

የካቲት 22፣ እሑድ

ሙከራዬን ሁሉ ፈታሁት። እሷ ያቆመችበት ጋ፣ በእሷው ማዘንበል ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ዙር እኔ የፈታኋት የሷ ናት። መለስኩላት። በየሚስማሩ አንድ አልኩ። ሠላሳ አራተኛው ላይ ስደርስ ምን እንደምል አላወቅሁም። ስሟን አልኩ።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

በቀን ሁለት ዙር። ከትምህርት መልስ፣ ከማፍጠር በፊት ያለችው ሰዓት። ሆድ ባዶ ሲሆን እጅ ይቀላል። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ለዮዲት ስጣት ያለችውን አላነሣችም። መጋረጃውን ከፈት አደረገችልኝ፣ ብርሃን እንዲገባ።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ዮዲት አብራኝ ቋጨችው። ክሩን በመርፌ በሁሉም ቀለበት ውስጥ አሳለፍን፣ አንድ በአንድ ከሚስማሩ አወረድን። ዘውዱ ባዶ ሆነ። ዮዲት ጫፉን ያዘችና ሰጠችኝ።

"ሳበው። አንተ ነህ የምትስበው።"

ሳብኩት። አፉ እንደ ከረጢት ተሰበሰበ። አረንጓዴዎቹ ሁሉ እየዞሩ መጥተው አናቱ ላይ ተገናኙ።

ዮዲት ዘውዱን አንሥታ ሚስማሮቹን ነካች። "አሁን ይሄ ለእኔ ነበር አይደል? እናትህ እማማ ሁሪያ ነግራኛለች።"

"ነበር።"

"ያዘው በል። የወፍጮ ቤት ቀበቶም ሹራብ ይሠራል ለካ።"

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ዒድ።

ጠዋት ለአባዬ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ያዘው። አገላበጠው።

"ማን?"

"ዊዳድ። የቀረውን እኔ።"

አሮጌዋን አውልቆ ኪሱ ከተታት። አዲሱን ጫነው። ጆሮው ድረስ ወረደ።

"ትንሽ ይሰፋል።"

"በአንድ ሚስማር ነው።"

"ምን?"

"ኋላ እነግርሃለሁ።"

ከሜዳው ሰግደን ስንመለስ ጋሽ አበጀ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ነጠላ ለብሰዋል። የአባዬን እጅ ያዙ፣ አናቱን ቀና ብለው አዩ።

"እንኳን አደረሰህ ኢዘዲን። ቆብ ጫንክ? መነኮስክ በቃ?"

አባዬ ኮፍያውን በእጁ ነካ። "መነኮስኩ። ገዳም አጥቼ ነው ያልገባሁ።"

ከእሷ ሰምቶት አያውቅም። እሷ ያለችውን ነው ያለው። ጋሽ አበጀ ወደ እኔ አዩ፣ እኔ ወደ እሳቸው። አባዬ ሳቀ። ሳሉ እስኪነሣ ድረስ ሳቀ። ለምሳ ና ሲላቸው "ሥጋውን ለፋሲካ አቆዩልኝ" አሉ።

ከምሳ በኋላ ኮፍያው እማዬ እጅ ገባ። መስኮቱ ሥር፣ የዊዳድ ቦታ ላይ ተቀምጣ። አንዱን አረንጓዴ መስመር ከታች በጣቷ ያዘችው። ወደ ላይ ተከተለችው። መስመሩ ዞረ፣ ጣቷም ዞረ፣ ኮፍያውን አዞረችው፣ እንደገና። የቱ የሷ፣ የቱ የእኔ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ግማሹ ላይ ጠፋባት። ቀና አለች፣ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ነበር፣ ልትስቅ ነው መሰለኝ።

"ዘኩ፣ ዞረብኝ" አለች።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት።

"ይዙር" አልኳት።